ሆቴሎች ለእንግዶቻቸው ስላለባቸው ዕዳ

በአሜሪካ ካሉት የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች ሁሉ በብዛቱ የታወቀው በዋሽንግተን ከተማና በዙሪያዋ ባሉት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግዛቶች የሚኖረው ሲሆን፥ ከዓለም ታላላቅ የሆቴል ኩባንያዎች ሁለቱ፥ ማሪዮት በቤተስዳ፥ ሂልተን በማክሊን፥ ዋና መሥሪያ ቤታቸውን የተከሉት በዚሁ አካባቢ ነው። ከወገኖቻችን ብዙዎች በነዚህ ሆቴሎች ክፍል እያሰናዱ፥ እንግዳ እየተቀበሉና ሒሳብ እየያዙ ቤተሰብ አሳድገዋል፤ ሌሎችም ለሥራ፥ ለሠርግና ለለቅሶ ከከተማ ወደ ከተማ ሲመላለሱ በነዚሁ ሆቴሎች ያድራሉ። ይሁን እንጂ ሆቴሎቹ ለሚመላለስ እንግዳ ሊሰጡ በጽሑፍ ቃል የገቡትን ዋጋ ጠይቀው የማይቀበሉ ወገኖች ብዙ መሆናቸውን ሳስተውል፥ ነገሩን ዘርዝሮ መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ሆቴሉ ላደረ አባል እንደ ከፈለው መጠን ነጥብ እየቈጠረ፥ ነጥቡ ሲጠራቀም በነጻ የሚያሳድርበት የዚህ ሥርዓት ጥንስሱ ከአየር መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካን ኤርላይንስ የተሳፋሪውን ማይል እየቈጠረ በነጻ ቲኬት የሚክስበትን መርሐ ግብር ካወጣ በኋላ፥ ሆሊዴይ ኢንና ማሪዮት በ1983፥ ሂልተንና ሃያት በ1987 የየራሳቸውን ደንብ አወጡ። ማሪዮት ስታርዉድ የተባለውን ኩባንያ በ2016 በ13 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከገዛ በኋላ፥ የሁለቱን አባላት በአንድ መዝገብ አዋሕዶ በ2019 ማሪዮት ቦንቮይ የሚል ስም ሰጠው። በዚህም ምክንያት አንድ ሰው በቨርጂኒያ አድሮ ያጠራቀመው ነጥብ አዲስ አበባ በሸራተን አዲስ ለማደር ያገለግለዋል፤ በሃያት ያጠራቀመም እንዲሁ በመስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው ሃያት ሪጀንሲ ሊያድርበት ይችላል።

የነገሩን ውስጥ ለሚመረምር ሰው ነጥብ የተባለው ስጦታ አለመሆኑ ይገለጥለታል። የነዚህን ኩባንያዎች ስም በደጃፋቸው ከሰቀሉት ሆቴሎች አብዛኞቹ የኩባንያው ንብረት አይደሉም፤ ሌሎች ባለሀብቶች ሠርተዋቸው በስሙና በአሠራሩ ለመጠቀም በውል የተሳሰሩ ናቸው። አባል የሆነ እንግዳ አድሮ በከፈለ ጊዜ የሆቴሉ ባለቤት ከተከፈለው ላይ የተወሰነ መቶኛ ቀንሶ ለመርሐ ግብሩ ያስገባል፤ እንግዳው በነጥቡ ሊያድር በመጣ ጊዜ ደግሞ ኩባንያው ካጠራቀመው አውጥቶ ያን ሌሊት ያስተናገደውን ሆቴል ይከፍለዋል፤ ይኸውም ክፍያ ብዙ ክፍል ባዶ በሚያድርበት ቀን አነስተኛ፥ ሆቴሉ ሊሞላ በተቃረበበት ቀን ግን ከመደበኛው ኪራይ ጋር የሚቀራረብ ነው። እንግዲህ ነጥቡ የተገዛው እንግዳው አስቀድሞ ከከፈለው ኪራይ ስለ ሆነ፥ ኩባንያዎቹ ያልተጠየቀውን ነጥብ በዓመታዊ ሒሳባቸው ከዕዳቸው ተራ ይጽፉታል፤ በማሪዮት መዝገብም ይህ ዕዳ በብዙ ቢሊዮን ዶላር የሚቈጠር ነው።

እንግዳው አበዳሪ፥ ኩባንያው ባለዕዳ መሆኑ ከታወቀ ዘንድ፥ ይህ ዕዳ ከሌላው ዕዳ ሁሉ የሚለይበትን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አባሉ ሳያነብ የሚስማማበት ደንብ ነጥብ የአባሉ ንብረት እንዳልሆነ፥ በጥሬ ገንዘብም እንደማይመነዘርና ኩባንያው የሚጠይቀውን የነጥብ መጠን በፈለገ ጊዜ ሊለውጥ እንደሚችል ይናገራል፤ የዕዳውን ልክ የሚወስነው ባለዕዳው ራሱ ነው ማለት ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ ሆቴል ስንት ነጥብ እንደሚጠይቅ የሚያሳይ የታተመ ሠንጠረዥ ነበር፤ ሂልተን በ2017፥ ማሪዮት በ2022 ይህን ሠንጠረዥ ትተው የነጥቡን ዋጋ እንደ ገበያው ከቀን ወደ ቀን የሚለዋወጥ አደረጉት። ከዚህም በላይ በማሪዮትና በሃያት 24 ወር ሙሉ ምንም እንቅስቃሴ ያልታየበት ሒሳብ ነጥቡ ይሰረዛል። ስለዚህ ለእርጅና ወይም ላልታወቀ ቀን ብሎ ነጥብ ማከማቸት አይገባም፤ ወለድ የማይወልድ፥ ነገር ግን በጎተራ እንደ ቆየ እህል ነቀዝ የሚበላው ሀብት ነውና በዓመት ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ሊውልበት የታሰበለት ጒዞ ሊኖረው ይገባል።

የአስተዋይ አበዳሪ የመጀመሪያ ሥራው ማስላት ነው። ክፍሉ በገንዘብ ቢከፈል ታክሱን ጨምሮ የሚያስወጣው 240 ዶላር፥ በነጥብ ግን 40,000 ቢሆን፥ አንዱ ነጥብ ያወጣው ከአንድ ሳንቲም ዐሥር እጅ ስድስቱን፥ 0.6 ሳንቲም ነው፤ በሌላ ሆቴል 180 ዶላር የሚያስከፍለው ክፍል በ20,000 ነጥብ ቢገኝ አንዱ ነጥብ 0.9 ሳንቲም ያወጣልና፥ ክፍሉ ርካሽ ቢመስልም ነጥቡን በዚህ መስጠት ይሻላል። የማሪዮት ነጥብ በተለምዶ 0.7 ወይም 0.8 ሳንቲም፥ የሂልተን ግማሽ ሳንቲም ያህል፥ የሃያት ግን አንድ ሳንቲም ተኩልና ከዚያም በላይ ሲያወጣ ስለሚታይ፥ በቍጥር ብዛት ብቻ መደነቅ ያሳስታል፤ 15,000 የሃያት ነጥብ ከ40,000 የሂልተን ነጥብ ሊበልጥ ይችላል። ስሌቱ ከተለመደው በታች የወረደ እንደ ሆነ በገንዘብ ከፍሎ ነጥቡን ለሌላ ቀን ማቆየት ነው። ነጥብን በዕቃ ወይም በስጦታ ካርድ መለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ የከፋው ልዋጭ ነው። የማሪዮትን ነጥብ ወደ አየር መንገድ ማይል ማዛወርም ይቻላል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 ጀምሮ የስታር አሊያንስ አባል ስለ ሆነ የዩናይትድን ማይል ይዞ በርሱ ወደ አገር ቤት መብረር አንዱ መንገድ ነው፤ ነገር ግን 3 ነጥብ የሚለወጠው በ1 ማይል ያህል ስለ ሆነ፥ ለቲኬቱ የጐደለች ጥቂት ማይል ለመሙላት ካልሆነ በቀር አልመክረውም።

ረዘም ላለ ቈይታ የሚሄድ ሰው ማወቅ የሚገባው ሌላ ደንብ አለ። ማሪዮት በነጥብ 5 ተከታታይ ሌሊት ለሚይዝ አባል የአንዱን ሌሊት ነጥብ ይምረዋል፤ ሂልተንም ብዙ ሌሊት ላደሩ ከሚሰጣቸው ማዕረጎች ሲልቨር ከተባለው ጀምሮ ላሉት አባላት አምስተኛውን ሌሊት ያለ ነጥብ ይሰጣል። ከላይ 40,000 ነጥብ ይጠይቃል ባልነው ሆቴል 5 ሌሊት የሚያድር ሰው በ200,000 ፈንታ 160,000 ነጥብ ብቻ ከፍሎ 1,200 ዶላር የሚያስከፍለውን ቈይታ ያገኛል፤ የነጥቡም ዋጋ ከ0.6 ወደ 0.75 ሳንቲም ከፍ ይላል። እንዲሁም ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩበት በላስ ቬጋስና እርሱን በመሳሰሉ የመዝናኛ ከተሞች ሆቴሎቹ ከኪራዩ ሌላ ‹ሪዞርት ፊ› የሚሉትን ክፍያ በየሌሊቱ ይጨምራሉ፤ ሂልተንና ሃያት ሙሉ በሙሉ በነጥብ ለሚያድር እንግዳ ይህን ክፍያ ሲያስቀሩለት፥ በማሪዮት ግን በነጥብ ያደረውም እንግዳ ይጠየቃል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ሰው በግልጽ የሚጠቅምበትን ጊዜ ልጥቀስ። በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን፥ በየጊዜው በተለያየ ከተማ፥ የእግር ኳስ ውድድርና የባህል በዓል ያዘጋጃል። በዚያ ሰሞን በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ወደ አንዲት ከተማ ሲጎርፍ የሆቴሉ ኪራይ ይወደዳል፤ የነጥቡም መጠየቂያ ከኪራዩ ጋር አብሮ መውጣቱ አይቀርም። ሆኖም በነጥብ የተያዘ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ለመድረሻው ጥቂት ቀናት እስኪቀሩ ድረስ ያለ ቅጣት ሊሰረዝ ስለሚችልና ሲሰረዝም ነጥቡ ወደ ሒሳቡ ስለሚመለስ፥ የውድድሩ ከተማ እንደ ታወቀ ወዲያው ክፍል የሚይዝ ሰው ምንም የሚያጣው የለም። ከያዘም በኋላ ዋጋውን እየተመለከተ፥ የነጥቡ መጠየቂያ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ አዲሱን ይዞ የቀድሞውን መሰረዝ ይችላል። ለትንሣኤ፥ ለመስቀልና ለጥምቀት ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛም በዚሁ መንገድ አስቀድሞ ቢያስብ ይጠቀማል።

አያያዙን በሚመለከት አንድ ጽኑ ደንብ አለ፤ እንደ ኤክስፔዲያና እንደ ቡኪንግ ዶት ኮም ባሉ አገናኞች በኩል የተያዘ ክፍል ብዙውን ጊዜ ነጥብም፥ ለማዕረግ የሚቈጠር ሌሊትም አያስገኝም። አገናኙ ርካሽ ዋጋ ያሳየ እንደ ሆነ በቀጥታ ከሆቴሉ ይዞ፥ በ24 ሰዓት ውስጥ የዋጋ ማስተካከያ መጠየቅ ይቻላል። ታላላቆቹ ኩባንያዎች በቀጥታ ለያዘ እንግዳ ከሁሉ ያነሰውን ዋጋ ለመስጠት በደንባቸው ቃል ገብተዋል፤ ክፍሉና የመሰረዣው ውል አንድ ዓይነት መሆኑን ማረጋገጥ ግን የጠያቂው ፈንታ ነው።

የሆቴል ነጥብ ስለሚያስገኝ ክሬዲት ካርድ ስናገር ልቤ ይከብዳል፤ ከዚህ ነገር ሁሉ ሰውን የሚጎዳው ይህ ብቻ ነውና። ለአዲስ ካርድ የሚሰጠው የመግቢያ ነጥብ ብዙ ሌሊት የሚያሳድር ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱም ካርድ በዓመት አንድ ነጻ ሌሊት ይሰጣል። ወር በገባ ቍጥር ዕዳውን አሟጦ ለሚከፍል ሰው ይህ ጥሩ ጥቅም ነው። ነገር ግን 2,000 ዶላር አውጥቶ በአንድ ዶላር 2 ነጥብ ያገኘ ሰው የያዘው 4,000 ነጥብ፥ በ0.7 ሳንቲም ሒሳብ 28 ዶላር ብቻ ነው፤ ያንኑ 2,000 ዶላር ሳይከፍል በ22 በመቶ ወለድ ዓመት ቢያቆየው ግን 440 ዶላር ያህል ይከፍላል። በዚያን ጊዜ አበዳሪ የነበረው ሰው ተገልብጦ ባለዕዳ ይሆናል። የካርዱን ዕዳ በየወሩ መዝጋት የማይችል ወገኔ ይህን መንገድ ፈጽሞ እንዲተወው እለምነዋለሁ።

ማዕረግን በተመለከተ፥ በማሪዮት በዓመት 10 ሌሊት ያደረ ሲልቨር፥ 25 ሌሊት ያደረ ጎልድ፥ 50 ሌሊት ያደረ ፕላቲነም ይባላል፤ በሃያት የላይኛው ማዕረግ 60 ሌሊት ይጠይቃል። ማዕረግ ለመሙላት ሲባል ብቻ በዓመቱ መጨረሻ ሆቴል ማደር ከንቱ ወጪ ነው፤ የሚገባው ሥራው ሳይወድ በግድ ለሚያመላልሰው ሰው ነው። የማዕረግን ጸጋ ሲገምቱም በሚጠቀሙበት ልክ መሆን አለበት፤ 4 ሰዎች ላሉበት ቤተሰብ የሚሰጥ የነጻ ቁርስ በቀን ብዙ ዶላር የሚያድን ቢሆንም፥ በዐቢይ ጾም የሚጓዝ ምእመን ከእንቁላሉና ከቅቤው ምንም አይደርሰውም፤ በረራው ማታ ለሆነ ሰው ግን ፕላቲነም የሚያሰጠው እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ክፍሉን ይዞ የመቈየት ፈቃድ ከቁርሱ ሁሉ ይበልጥበታል። በመሥሪያ ቤት ገንዘብ የሚጓዝ ሠራተኛም በብዙ ቦታ ነጥቡን ለራሱ መያዝ ይፈቀድለታል፤ የመሥሪያ ቤቱን ደንብ አስቀድሞ ይጠይቅ፥ ለነጥብ ብሎም በአሠሪው ላይ ውድ ሆቴል መምረጥ የአደራን ሕግ ማፍረስ መሆኑን ኅሊናው አይዘንጋ።

የእኛን ሰው ለብቻው የሚያስቸግር ነገርም አለ፤ እርሱም የስማችን ሥርዓት ነው። የራሳችን ስም፥ የአባትና የአያት ስም ተከታትሎ ሲጻፍ፥ ቅጹ የቤተሰብ ስም በጠየቀ ቍጥር አንዴ የአባትን፥ አንዴ የአያትን እንሰጣለን፤ ‹ጸ›ን የመሰለውንም ድምፅ አንዱ ጸሐፊ በሁለት የላቲን ፊደል፥ ሌላው በአንድ ይጽፈዋል። በዚህ ምክንያት የአንድ ሰው ሌሊቶች በሁለት ሒሳብ ተከፍለው ይቀራሉ፥ ወይም ነጥቡ ከነጭራሹ ሳይመዘገብ ይታለፋል። መድኃኒቱ የአባልነቱን ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ማስማማት፥ ሁለት ሒሳብ ያለውም ወደ ኩባንያው ደውሎ እንዲያዋሕዱለት መጠየቅ ነው። በየቈይታው የተሰጠውን የሒሳብ ወረቀት ነጥቡ መዝገብ ላይ እስኪታይ ድረስ መጣል አይገባም።

ከዚሁ ጋር፥ የሂልተን አባል እስከ 10 ከሚደርሱ ዘመዶችና ወዳጆች ጋር ነጥቡን ያለ ክፍያ በአንድነት ማዋል ይችላል፤ ሃያትም አባሎቹ ነጥባቸውን እንዲያዋጡ ይፈቅዳል። እናታቸው ከአገር ቤት ልትጠይቃቸው የምትመጣ፥ በሦስት ከተማ የተበታተኑ ልጆች፥ ለየብቻው የማይበቃውን አዋጥተው በመንገዷ ሁሉ ሊያሳድሯት ይችላሉ።

ሠርግ የሚደግስ ቤተሰብ ከሁሉ የበለጠ ገንዘብ በአንድ ቀን ለሆቴል የሚከፍል ቢሆንም፥ ነጥቡን ሲጠይቅ እምብዛም አይታይም። ማሪዮትና ሂልተን አዳራሽ ተከራይቶ ግብዣ ለሚያዘጋጅ ሰው ነጥብ የሚሰጥ ደንብ አላቸው፤ የሚሰጠው ግን የአባልነት ቍጥሩ በውሉ ላይ ለተጻፈው ሰው ስለ ሆነ፥ ከፊርማው በፊት ቍጥሩ መግባቱን ማየት ያስፈልጋል። ምግቡ ከውጭ፥ ከሐበሻ ምግብ አዘጋጅ የሚመጣ እንደ ሆነ፥ ነጥቡ የሚታሰበው ለሆቴሉ በቀጥታ በተከፈለው ላይ ብቻ ነው። ለሩቅ እንግዶች በቡድን ዋጋ የተያዙት ክፍሎችም ለየእንግዳው ነጥብ ያስገኙ እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ ከሆቴሉ ሽያጭ ክፍል በጽሑፍ ተጠይቆ፥ መልሱ ከጥሪው ጋር አብሮ ለእንግዶቹ ሊላክ ይገባል።