ፍቅርና ጋብቻ በሳቢያን
ሁለት ሃይማኖት፣ አንድ ሰፈር፣ አንድ ጥያቄ

ድሬዳዋን የወለዳት ሐዲድ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1895 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር እዚህ ሜዳ ላይ ሲደርስ ከተማዪቱ ተቆረቆረች፤ ከዚያም ወዲህ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ከባሕር ማዶ የመጡት ዐረብና ግሪክም ሳይቀሩ በአንድ ፀሐይ እየሞቁ በአንድ ገበያ እየተገበያዩ ኖሩባት። በደቻቱ ወንዝ ወዲህ ከዚራ፣ ወዲያ መጋላ፤ ከከዚራ አለፍ ሲሉ ደግሞ ሳቢያን ይገኛል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከድሬዳዋ አስተዳደር ነዋሪ ከመቶው 71 ያህሉ ሙስሊም፣ 26 ያህሉ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ተከታይ ሲሆን የቀሩት አብዛኞቹ የሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን ናቸው።

እንዲህ ባለ ከተማ ልጆች አብረው ያድጋሉ። ትምህርት ቤታቸው፣ ውኃ የሚቀዱበት ቦንቧ፣ ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ አንድ ነው። ስለዚህ ወጣትና ወጣት ሲዋደዱ ፍቅር አስቀድሞ ሃይማኖት ሳይጠይቅ መምጣቱ የሚያስደንቅ አይደለም። ጥያቄው የሚነሣው ሽማግሌ ለመላክ የታሰበ ዕለት ነው። ያን ጊዜ እናት ታለቅሳለች፤ አባትም ይቆጣል። ወጣቶቹ ግን ብዙ ጊዜ የሁለቱ ሃይማኖቶች ትምህርት በእርግጥ ምን እንደሚል፣ የአገሩም ሕግ ምን እንደሚፈቅድ ሳያውቁ በስሜት ብቻ ይወስናሉ። እኛም ይህን ጉዳይ ማንንም ሳናወድስና ማንንም ሳንነቅፍ በቅደም ተከተል ለመዘርዘር ወደናል።

ጋብቻ ምንድን ነው?

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው። ደናግል የሆኑ ሙሽሮች በሥርዓተ ተክሊል አክሊል ደፍተው በአንድነት ይቆርባሉ። ተክሊሉ ላልሆነላቸውም በቁርባን የመጋባት መንገድ አለ። በቁርባን የተጋባ ሰው ከሞትና ከዝሙት በቀር የሚለየው ነገር የለም። ከዚህ ሌላ በሽማግሌና በምስክር ፊት የሚደረገው የሰማንያ ጋብቻ ከጥንት ጀምሮ በአገሩ የተለመደ ሲሆን፣ ውሉ ሊፈርስ ስለሚችል ብዙ ሰው እስኪሸመግል ድረስ በሰማንያ ኖሮ በኋላ ወደ ቁርባን ይገባ ነበር።

በእስልምና በኩል ኒካህ ውል ነው። ውል ነው ሲባል ግን ክብሩ ያነሰ ነው ማለት አይደለም፤ የፈጣሪ ስም የሚጠራበት ጽኑ ቃል ኪዳን ነው። ለዚህም የሙሽራዪቱ ወሊ፣ ሁለት ምስክሮች፣ እንዲሁም መህር ያስፈልጋሉ። መህር የሚሰጠው ለሴቲቱ ስለሆነ ገንዘቡ የእርሷ ነው፤ ያባቷ አይደለም። ወንድ በመካከላቸው እኩል ማድረግ ከቻለ እስከ አራት ሴት ማግባት ይችላል፤ እኩል ማድረግ እንደማይችል ከፈራ ግን በአንዲት እንዲወሰን ቁርኣን ያዝዘዋል። ፍቺም ቢጠላ እንኳ ይፈቀዳል፤ የተፈታችው ሴት ዒዳዋን ሳትጨርስ ሌላ አታገባም።

እንግዲህ ዋናው ልዩነት ይህ ነው፤ በአንደኛው ጋብቻ ከቁርባን ጋር የታሰረ ምሥጢር፣ በሁለተኛው በፈጣሪ ፊት የሚገባ ውል ነው።

ስለ ሩካቤ የሚሰጠው ትምህርት

ስለዚህ ነገር በአደባባይ መናገር ባገራችን እንደ ነውር ሲቆጠር ኖሯል። የሃይማኖት መጻሕፍት ግን አላፈሩበትም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ባልና ሚስት አንዱ በሌላው ገላ ላይ መብት እንዳላቸው፣ ለጸሎት ተስማምተው ለጥቂት ጊዜ ካልሆነ በቀርም እንዳይከላከሉ ያስተምራል። በ11ኛው መቶ ዓመት የተወለደው ታላቁ የእስልምና ሊቅ ገዛሊም ስለ ጋብቻ ሥርዓት በጻፈው ክፍል ባል የራሱን ፍላጎት ብቻ ሳይሆን የሚስቱንም እንዲያስብ ይመክራል። ከጋብቻ ውጪ የሚደረገውን ግንኙነት ሁለቱም ሃይማኖቶች ይከለክላሉ። ሴት የወር አበባዋን ስታይም ሁለቱም ተራክቦን ይከለክላሉ።

የሚለያዩት በጾም ነው። ክርስቲያን ባልና ሚስት 55 ቀን በሚሆነው ዐቢይ ጾም ሌሊቱንም ጭምር መኝታ እንዲለዩ የነፍስ አባታቸው ያስተምራቸዋል። ሙስሊሞች ግን በረመዳን ቀን ቀን ከምግብም ከተራክቦም ተከልክለው፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሁለቱም ይፈቀዱላቸዋል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለቱ ጾሞች ሲገናኙ ግን ትንሽ አይሆንም።

ሁለቱ ሲገናኙ

ቤተ ክርስቲያን ያልተጠመቀን ሰው በተክሊልም ሆነ በቁርባን አታጋባም። እስልምና ሙስሊም ወንድ የመጽሐፉ ሰዎች ከሚባሉት፣ ማለትም ከክርስቲያንና ከአይሁድ ሴት እንዲያገባ ሲፈቅድ፣ ሙስሊም ሴት ሙስሊም ያልሆነ ወንድ እንድታገባ አይፈቅድም።

የዚህን ውጤት አንባቢ ልብ ይበልልን። ወንዱ ሙስሊም፣ ሴቲቱ ክርስቲያን ቢሆኑ በመስጊድ በኩል በሩ ክፍት ነው፤ እርሷ ግን ከቁርባን ትለያለች። ሴቲቱ ሙስሊም፣ ወንዱ ክርስቲያን ቢሆኑ ደግሞ አንዳቸው ካልሰለሙ ወይም ካልተጠመቁ በስተቀር ሁለቱም በሮች ይዘጋሉ። ስለዚህ «እኛ እንዋደዳለን፤ ሃይማኖታችንን ሳንለውጥ ሁለቱም ወገን ይባርከን» የሚሉ ወጣቶች የሚፈልጉት ነገር ከሁለቱም ሥርዓት ውጪ ነው።

ታሪክ ምን ይላል?

ጥያቄው ዛሬ የተወለደ አይደለም። በ7ኛው መቶ ዓመት ከመካ ተሰደው ወደ አገራችን ከመጡት ሙስሊሞች መካከል ዑበይደላህ ኢብን ጃሕሽ የተባለው እዚሁ ክርስትናን ሲቀበል ሚስቱ ኡሙ ሐቢባ በእስልምናዋ ጸናች። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት በኋላ ነቢዩ ሙሐመድ ሲያጯት ውሉን ያስፈጸመውና መህሯን የከፈለው የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ ነበር። በ15ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የሐድያ ሙስሊም ገዥ ልጅ የነበረችው እሌኒ ተጠምቃ ንግሥት ሆነች፤ በኋላም በአፄ ልብነ ድንግል ልጅነት ዘመን መንግሥቱን በምክር መራች።

ሁሉም እንዲህ በሰላም አላለፈም። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሐረር ሳሉ ከሥልጣን መውረዳቸው አዲስ አበባ ላይ ሲታወጅ ከቀረቡባቸው ክሶች አንዱ ከሙስሊም ሴቶች ጋር መጋባታቸው ነበር። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤልም መሐመድ ዓሊ ተብለው ተወልደው በኋላ የተጠመቁ ሰው ነበሩ።

የአገሩ ሕግ

ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በቀጥታ ይሠራባታል። በዚህ ሕግ ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ሥርዓት ሊፈጸም ይችላል፤ በየትኛውም ቢፈጸም ውጤቱ አንድ ነው። የሁለቱ ፈቃድና 18 ዓመት መሙላት ግዴታ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 34 ዕድሜያቸው የደረሰ ወንድና ሴት በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግባቸው የመጋባት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። እንግዲህ ሃይማኖታቸውን ሳይለውጡ ለመጋባት የቆረጡ ሁለት ሰዎች በሹሙ ፊት ሊፈራረሙ ይችላሉ።

ስለ ዳኝነቱም ማወቅ ይገባል። ጉዳይ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚሄደው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው፤ ማንም ያለ ፈቃዱ በሃይማኖት ሕግ አይዳኝም። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። በሸሪዓ ሚስት ባሏ ሲሞት ልጆች ካሉት ከውርሱ አንድ ስምንተኛ፣ ከሌሉት አንድ አራተኛ ታገኛለች፤ ሙስሊም ካልሆነች ግን አትወርስም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሙስሊምም ትሁን ክርስቲያን፣ ኑዛዜ ከሌለ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም፤ የባልም እንዲሁ ነው። የሚተርፋት በትዳር ከተፈራው የጋራ ሀብት ግማሹ ነው። ይህን ሳያውቁ ያለ ኑዛዜ የኖሩ ባልና ሚስት ሐዘን ላይ ክርክር ይጨመርባቸዋል።

ሳይጋቡ በፊት

የሠርጉ ቀን ችግር ቀላሉ ነው። የክርስቲያኑ ሥጋ ለብቻ፣ የሙስሊሙ ሥጋ ለብቻ ታርዶ ሁለት ማዕድ ማቅረብን አገራችን ከጥንት ታውቅበታለች። ጎረቤትም ለጎረቤቱ ሠርግ ድንኳን ይተክላል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ስጦታውን ይዞ ይመጣል። እውነተኛው ፈተና የሚመጣው ልጅ የተወለደ ጊዜ ነው። ሙስሊሞች በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ አርደው ስም ያወጣሉ፤ ክርስቲያኖች ወንዱን በ40፣ ሴቲቱን በ80 ቀን ያስጠምቃሉ። ከሰባተኛው ቀን በፊት ያልተስማሙ ወላጆች በሰባተኛው ቀን ለመስማማት ይቸገራሉ፤ አያቶችም በሁለቱም ወገን ይቀመጣሉና።

ስለዚህ የሚዋደዱ ሁለት ወጣቶች ከሽማግሌ በፊት እርስ በርሳቸው ሦስት ነገር ይጠያየቁ። ልጆቻችን በየትኛው ሃይማኖት ያድጋሉ? ብንጣላ ወይም አንዳችን ብንሞት በየትኛው ሕግ እንዳኛለን? አንዳችን ሃይማኖት የምንለውጥ ከሆነ አምነንበት ነው ወይስ ለሠርጉ ብቻ? ለሠርግ ብቻ የተለወጠ ሃይማኖት ፍቅር የቀዘቀዘ ዕለት ይመለሳልና።

ወላጆችም አንድ ነገር ይወቁ። ልጃቸውን ማስተማርና መምከር፣ ሃይማኖታቸውን ማስረዳት መብታቸው ነው፤ ያለ ፈቃዷ መዳር ግን በሕግ ተከልክሏል፤ ኒካህም ሆነ ተክሊል የሚጸናው በሙሽሮቹ ፈቃድ ነው። በቁጣ ከቤት የወጣች ልጅ የሚመክራት አጥታ ትወስናለች፤ በትዕግሥት የተሰማች ልጅ ግን እሺ ብትልም እንቢ ብትልም አባቷን ሳታጣ ትወስናለች።