የበርበሬ ማስጫን ድንጋይ ማንጠፍ፡ ለምርት ጥራትም ለጉልበት ቁጠባም

ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ቆሼ የማረቆ ዋና ከተማ ናት። ማረቆ ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው በርበሬው ነው። በአገሪቱ በስፋት ከሚታወቁት የተሻሻሉ የበርበሬ ዝርያዎች አንዱ የሆነው "ማረቆ ፋና" ስሙን የወሰደው ከዚሁ አካባቢ ነው። ይሁን እንጂ የበርበሬው ዋጋ የሚወሰነው በማሳ ላይ ብቻ አይደለም። ከተለቀመ በኋላ የሚሰጣበት ግቢም ጥራቱን ሊያስጠብቀው ወይም ሊያበላሸው ይችላል።

በብዙ አርሶ አደሮች ግቢ በርበሬ የሚሰጣው በባዶ መሬት ወይም በእበት በተለቀለቀ አውድማ ላይ ነው። አውድማው በየዓመቱ ይጠረጋል፣ ይደለደላል፣ ይለቀለቃል። የዚህ ሥራ ድካም በአብዛኛው በሴቶችና በልጆች ትከሻ ላይ ይወድቃል። ያን ሁሉ ተለፍቶበትም አንድ ያልታሰበ ዝናብ ከጣለ መሬቱ ይጨቀያል፤ በርበሬው አፈር ይይዛል፣ ይሻግታል።

ሻጋታው የሚያስከትለው ጉዳት መልክ ማጥፋት ብቻ አይደለም። በደንብ ባልደረቀ በርበሬ ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ ሻጋታዎች አፍላቶክሲን የተባለ፣ ጉበትን የሚጎዳና ለካንሰር የሚያጋልጥ መርዝ ያመነጫሉ። ይህ መርዝ በመቁላትም ሆነ በመፍጨት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ከተወሰዱ 60 የበርበሬ ዱቄት ናሙናዎች በ8ቱ ላይ አፍላቶክሲን ማግኘቱን ገልጿል። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ ግራም በርበሬ ውስጥ እንዲኖር የሚፈቅደው ጠቅላላ የአፍላቶክሲን መጠን ከ10 ማይክሮ ግራም አይበልጥም። ከዚህ ያለፈ ምርት ገበያው ውስጥ አይገባም።

ለዚህ ችግር አንዱ መፍትሔ የግቢውን የተወሰነ ክፍል በድንጋይ ማንጠፍ ነው። ሙያው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የከተሞቻችንን የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ጌጠኛ ድንጋይ ያነጠፉ ወጣቶች በየአካባቢው አሉ። ያንኑ ሙያ ወደ አርሶ አደሩ ግቢ ማምጣት ይቻላል።

አሠራሩ

አምስት ሜትር በስድስት ሜትር የሆነ ማስጫ 30 ካሬ ሜትር ስፋት ይኖረዋል። ቦታው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከከብት በረትና ከመጸዳጃ የራቀ ይሁን። መሬቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ይጠቀጠቃል። ከዚያ 10 ሳንቲ ሜትር ገረጋንቲ ለብሶ ዳግም ይጠቀጠቃል፤ በላዩ 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ይነጠፋል። ለዚህ ስፋት 3 ሜትር ኩብ ገረጋንቲና 1.5 ሜትር ኩብ አሸዋ ያስፈልጋል። አሥር ሳንቲ ሜትር ጎን ያለው ጠረብ ድንጋይ ከሆነ በአንድ ካሬ ሜትር ከ80 እስከ 100 ፍሬ ይገባል። ጠረብ ድንጋይ መግዛት የማይችል ገበሬ ከአካባቢው የሚሰበሰብ ጠፍጣፋ ድንጋይ መጠቀም ይችላል። ሲሚንቶ የግድ አይደለም። ክፍተቶቹ በአሸዋ ከተሞሉና ዳር ዳሩ በትልልቅ ድንጋይ ከታሰረ ንጣፉ አይበተንም።

በዚህ ልኬት ከተሠራ ንጣፉ ከግቢው መሬት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ጎርፍ አይወጣበትም። ዋናው ጥንቃቄ ተዳፋቱ ላይ ነው። በአምስት ሜትር ርዝመት 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ይበቃል፤ አቅጣጫው ግን ከቤቱ መሠረት ተቃራኒ መሆን አለበት። አሥር ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 30 ካሬ ሜትር ላይ 300 ሊትር ውኃ ያርፋል። ይህን ውኃ በትንሽ ቦይ ወደ እንሰቱ ወይም ወደ ፍራፍሬው ሥር መምራት ከጎርፍ ጉዳት ያድናል፤ ተክሉንም ያጠጣል።

ሁሉንም ማንጠፍ አይገባም

ግቢውን በሙሉ ድንጋይ ማልበስ ሙቀት ይጨምራል፤ ውኃው ወደ መሬት እንዳይሰርግም ያግዳል። በዚህ ረገድ ምዕራቡ የጉራጌ አካባቢ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። እዚያ በየቤቱ ፊት ለፊት የተዘረጋው ጀፎረ በሣር እንደተሸፈነ ይኖራል፤ ሣሩን ከብቱ ይግጠዋል፣ ዝናቡ ይሰርግበታል፣ ሰው ለሠርግም ለለቅሶም ይሰበሰብበታል። ስለዚህ ድንጋዩ ለማስጫው፣ ለመተላለፊያውና ለውኃ መቅጃው ቦታ ይበቃል። የቀረው ለሣር፣ ለጓሮ አትክልትና ለዛፍ ይተው።

ድንጋይ ተነጥፏል ተብሎ ጥንቃቄው አይቋረጥም። ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ ወይም የቀርከሃ አልጋ ላይ ማድረቅ አሁንም የተሻለ ነው። በንጣፉ ላይ የሚያሰጣ ሰው ንጹሕ ሰሌን ወይም ሸራ ያንጥፍ፣ በርበሬውን አሳስቶ ይበትን፣ በየጊዜው ያገላብጥ፣ ማታ ከጤዛ ይሸፍን፣ ዶሮና ፍየል እንዳይረግጡት ያጥር። በርበሬው ወደ ጎተራ የሚገባው ሲወዘወዝ ፍሬው ሲንሿሿ፣ ሲታጠፍ ሲሰበር ነው። ለአስተማማኝ ክምችት እርጥበቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ ቢሆን ይመከራል።

የንጣፉ ዓመታዊ እንክብካቤ ቀላል ነው፤ መጥረግ፣ የበቀለውን አረም መንቀል፣ የሸሸውን አሸዋ መሙላት። የመጀመሪያው ወጪ ግን ለአንድ ቤተሰብ ሊከብድ ይችላል። በመሆኑም የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችና የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት በየቀበሌው አንድ የጋራ ማስጫ በማሠራት ቢጀምሩ፣ ሥራውንም ለተደራጁ ወጣቶች ቢሰጡ ሁለት ጥቅም ያገኛሉ። ወጣቱ ሥራ ያገኛል፤ አርሶ አደሩም ውጤቱን አይቶ በግቢው ይደግመዋል። ጊዜውም በርበሬው ቀልቶ ከመለቀሙ በፊት ቢሆን ይመረጣል።