ወደ ውጭ አገር ለንግድ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ሊያሰናዳው ስለሚገባ የጤና ጉዳይ

ነጋዴ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ባሰበ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ፓስፖርቱ፣ ስለ ቪዛው፣ ስለ አውሮፕላን ቲኬቱና ስለ ውጭ ምንዛሪው ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከነዚህ ሰነዶች ጋር እኩል የሚቆጠር፣ ሲጎድልም የወጣውን ወጪና የተደከመበትን ድካም ሁሉ ከንቱ የሚያደርግ አንድ ሌላ ወረቀት አለ፤ ይኸውም የክትባት የምስክር ወረቀት ነው።

በቀድሞ ዘመን ሲራራ ነጋዴ ከደጋ ወደ ቆላ ሲወርድ ከሽፍታው ይልቅ የሚፈራው ንዳዱን ነበር። ዛሬ መንገዱ በአውሮፕላን ሆኖ የወራት ጉዞ በሰዓት ቢቆጠርም፣ በሽታም ከመንገደኛው ጋር በዚያው ፍጥነት የሚጓዝ ስለ ሆነ ጥንቃቄው አልቀረም። እንዲያውም መንግሥታት ሁሉ የሚመሩበት ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ ወጥቶለታል።

ዕድሜ የጠገቡ ነጋዴዎች እንደሚያስታውሱት፣ ቀድሞ መንገደኛ የፈንጣጣ ክትባት ወረቀት ሳይዝ ድንበር አያልፍም ነበር። ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980 ስላስታወቀ ያ ወረቀት ቀርቷል። ዛሬ በዓለም አቀፉ ደንብ ውስጥ በስሙ ተጠርቶ፣ አንድ አገር መንገደኛን ለማስገባት የክትባት ምስክር ሊጠይቅበት የሚችለው በሽታ ቢጫ ወባ ነው።

ለምን ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሰው ይህን ይጠየቃል የሚል ቢኖር ምክንያቱ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 ድረስ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሣው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ 30,000 ያህል ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። አገራችንም በሽታው ሊተላለፍባቸው ይችላል ተብለው በዓለም ጤና ድርጅት ከተመዘገቡት አገሮች አንዷ ናት። በሌላ ወገን ደግሞ በእስያ በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ ሞልታ ሳለ በሽታው በዚያ ተዛምቶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከአንጎላ ወደ ቻይና በተመለሱ 11 ሰዎች ላይ ቢጫ ወባ በተገኘ ጊዜ የተፈጠረው ሥጋት ትልቅ የነበረው ስለዚህ ነው። እንግዲህ የሕንድ፣ የቻይና ወይም የደቡብ አፍሪካ ሹም ወረቀቱን ሲጠይቅ የራሱን ሕዝብ መጠበቁ እንጂ መንገደኛውን መናቁ አይደለም።

በዚህ ረገድ ነጋዴው በተለይ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር የቀን ቆጠራው ነው። የምስክር ወረቀቱ የሚጸናው መርፌው ከተወጋበት ቀን በኋላ 10 ቀን ሲሞላ ነው። ለምሳሌ ጥራጥሬ ወደ ሕንድ የሚልክ ነጋዴ ወር በገባ በ1 ቀን ተከትቦ በ6 ቀን ሙምባይ ቢደርስ፣ ወረቀቱ በእጁ ቢኖርም ገና አልጸናም። የሕንድ ደንብ እንደዚህ ያለውን መንገደኛ እስከ 6 ቀን ድረስ ለይቶ ለማቆየት ይፈቅዳል። በዚህ መካከል ናሙናውን ሊያይ የቀጠረው ገዢ ወደ ሌላ ሻጭ ይሄዳል፤ የኤል ሲው የመጫኛ ቀን ይገፋል፤ የሆቴሉም ኪራይ ይቆጠራል። ይህ ሁሉ ኪሳራ የሚመጣው ከበሽታ ሳይሆን በጥቂት ቀን ከመዘግየት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

ደግነቱ አንድ ጊዜ በወጉ የተከተበ ሰው እንደገና መከተብ አያስፈልገውም። ቀድሞ ወረቀቱ የሚያገለግለው ለ10 ዓመት ብቻ ነበር፤ ከሐምሌ 4 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በዕድሜ ልክ እንዲጸና ተደርጓል። የ10 ዓመት ገደብ የተጻፈበት አሮጌ ካርድም ቢሆን ይኸው መብት አለው።

ቢጫ ካርዱን የተቀበለ ሰው ከጣቢያው ሳይወጣ ይመርምረው። ስሙ በፓስፖርቱ እንዳለው ሆሄ በሆሄ መጻፉን፣ ቀኑና የክትባቱ ቁጥር መመዝገቡን፣ የሐኪሙ ፊርማና የጣቢያው ማኅተም መኖሩን ያረጋግጥ። ሳይከተቡ ካርድ መግዛት ግን ሁለት ጊዜ መክሰር ነው፤ በሕግ ያስጠይቃል፣ ከሞትም አያድንም። ስድሳ ዓመት የሞላውና ከዚህ በፊት ያልተከተበ፣ ወይም እንቁላል የማይስማማው፣ ወይም የሰውነቱ በሽታን የመከላከል ኃይል የደከመ ሰው ከመከተቡ በፊት ሐኪም ያማክር። መከተብ የማይገባው ሆኖ ከተገኘ ሐኪሙ የምክንያት ደብዳቤ ይጽፍለታል፤ ይሁን እንጂ ደብዳቤውን መቀበል የዚያ አገር ፈቃድ ስለ ሆነ አስቀድሞ ኤምባሲውን መጠየቅ ያሻል።

ንግዱን ከሐጅ ወይም ከዑምራ ጋር አጣምሮ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚሄድ ሰው ደግሞ የማጅራት ገትር ክትባት ቢያንስ ከመድረሱ 10 ቀን በፊት መከተብ ግዴታው ነው።

የድንበር ሹም የማይጠይቃቸው፣ ነገር ግን ነጋዴውን የሚጥሉ በሽታዎችም አሉ። የታይፎይድና የጉበት በሽታ ክትባት፣ የመንጋጋ ቆልፍም ማጠናከሪያ እንደሚሄዱበት አገር በሐኪም ምክር ይወሰዳል። ወባ ግን ከሁሉ የከፋ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ስለሚኖር ሰውነቱ ወባን አልለመደም። ወደ ጁባ፣ ወደ ሌጎስ ወይም ወደ ኪንሻሳ ሲሄድ ሐኪም ያዘዘለትን መከላከያ ከመነሣቱ በፊት መጀመር፣ ከተመለሰም በኋላ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ለአንድ ወይም ለአራት ሳምንት መቀጠል አለበት። ከተመለሰ በኋላ ትኩሳት የያዘው እንደሆነ ጉንፋን ነው ብሎ ሳይተኛ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ የሄደበትንም አገር ይንገር።

የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ነጋዴ መድኃኒቱን ለመንገዱ ከሚበቃው ጥቂት ቀን አስበልጦ፣ ከፋብሪካ በወጣበት ማሸጊያ፣ ከሐኪም ማዘዣ ጋር በእጅ ሻንጣው ይያዝ። ኢንሱሊን በዕቃ መጫኛው ክፍል ውስጥ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል። ትራማዶልና ኮዲን ያለባቸው የሕመም ማስታገሻዎች በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በጥብቅ ሕግ የሚጠበቁ ስለሆኑ፣ ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት ለእስር ያበቃል።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔው ጊዜን ማስቀደም ነው። ሐኪም ዘንድ መቅረብ የሚሻለው ከመንገዱ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት በፊት ነው። ለምሳሌ የጓንጁ የንግድ ትርዒት በየዓመቱ በሚያዝያና በጥቅምት ወራት አካባቢ ይከፈታል፤ የጥቅምቱን ለማየት ያሰበ ነጋዴ ክትባቱን በጳጉሜን ቢጨርስ ልቡ አርፎ ይጓዛል። የንግድ ቤቱም ጸሐፊ ቲኬት ሲያስይዝ የክትባቱን ቀን በዚያው መዝገብ ይጻፍ፤ ደንብ የሚለዋወጥ ስለ ሆነም የሚሄዱበትን አገር ኤምባሲ ይጠይቅ። ዕቃው ኢንሹራንስ ሳይገባለት መርከብ ላይ የማይጭን ነጋዴ፣ የዕቃውን ባለቤት ያለ ዋስትና መላክ አይገባውም።