አምስት ቡድን፣ አንድ የድል ቀን፦ የቤዝቦል ክለቦች “እርሻ” እንዴት ይሠራል?

በአሜሪካ ቤዝቦል አንድ ክለብ ማለት አንድ ቡድን ማለት አይደለም። የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ደጋፊ በማለዳ ውጤት ሲመለከት የአምስት ከተሞችን ጨዋታ ያነባል። ዋናው ቡድን በሴንት ሉዊስ ይጫወታል፤ ከሥሩ ያሉት አራቱ ደግሞ በየደረጃቸው በሜምፊስ፣ በስፕሪንግፊልድ፣ በፒዮሪያ እና በፍሎሪዳዋ ጁፒተር ይጫወታሉ። አምስቱም በአንድ ቀን ያሸነፉ እንደሆነ ለደጋፊው በዓል ነው።

በዓሉ ግን ብርቅ ነው። የእያንዳንዱ ቡድን የማሸነፍ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው ቢባል፣ አምስቱ አንድ ላይ የሚያሸንፉት ሁሉም በሚጫወቱባቸው ቀናት ከ32 አንዱን ብቻ ነው። ከ2021 ወዲህ የታችኞቹ ሊጎች በአብዛኛው ሰኞ ስለሚያርፉ ዕድሉ የበለጠ ይጠብባል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሠራሩን ያስፋፉት በ1920ዎቹ የካርዲናልስ ኃላፊ የነበሩት ብራንች ሪኪ ናቸው። ክለቡ ባለጸጋ አልነበረም፤ የበሰለ ተጫዋች ለመግዛት ከኒውዮርክ ክለቦች ጋር መፎካከር አይችልም ነበር። ሪኪ በትናንሽ ከተሞች ያሉ ቡድኖችን ድርሻ እየገዙ ወጣቶችን ከሥር ማሳደግ ጀመሩ። በ1926 ካርዲናልስ ኒውዮርክ ያንኪስን አሸንፎ የመጀመሪያውን የዓለም ሲሪየስ ዋንጫ አነሣ፤ ሌሎቹም ክለቦች መንገዱን ተከተሉ።

አሜሪካውያን ይህን “የእርሻ ሥርዓት” ይሉታል። ነገሩ ይበልጥ የሚመስለው ግን ችግኝ ጣቢያን ነው። ችግኝ ጣቢያ የሚመዘነው በመደቡ ላይ ባለው ልምላሜ ሳይሆን ወደ ማሳ ተዛውሮ በጸደቀው ችግኝ ነው። የታችኛው ቡድን አሠልጣኝም ጨዋታ እየመራ ሳለ ጥሩ ኳስ የሚወረውረውን ወጣት ሊያስወጣው ይችላል፤ ለዚያ ቀን የተመደበለት የውርወራ ቁጥር ሞልቷልና። ተጫዋቾቹን የሚመድበውም ሆነ ደመወዛቸውን የሚከፍለው ዋናው ክለብ ነው። የከተማው ቡድን ባለቤት የሚያገኘው ገቢ ከትኬት፣ ከምግብና ከማስታወቂያ ነው።

ስለዚህ ድል ለትንሿ ከተማ ሁለት መልክ አለው። በሜምፊስ የደመቀ መቺ በማግሥቱ ወደ ሴንት ሉዊስ ሊጠራ ይችላል። የእርሱን ቦታ ለመሙላት ከስፕሪንግፊልድ፣ የስፕሪንግፊልዱን ለመተካት ደግሞ ከፒዮሪያ ሰው ይነሣል። የፒዮሪያ ተመልካች ትኬት የቆረጠለትን ኮከብ ሳያይ ይቀራል።

ለተጫዋቹ ግን ጥሪው ሕይወት የሚቀይር ነው። አንድ ክለብ በሥሩ ከ150 በላይ ወጣቶችን ይይዛል፤ በዋናው ቡድን ያለው መደበኛ ቦታ ግን 26 ብቻ ነው። የታችኞቹ ሊጎች ተጫዋቾች የመጀመሪያውን የኅብረት ስምምነት በ2023 እስኪፈራረሙ ድረስ፣ ከዋናው ሊግ በአንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ በትሪፕል ኤ የሚጫወት ሰው ዝቅተኛ የዓመት ክፍያው 17,500 ዶላር ነበር። ስምምነቱ ወደ 35,800 ዶላር አሳደገው። በዚያው ዓመት የዋናው ሊግ ዝቅተኛ ደመወዝ 720,000 ዶላር ነበር። በአንድ እርከን መካከል ያለው ልዩነት ሃያ እጥፍ ነው ማለት ነው።

ከተሞችም ከዚህ ሰንሰለት ሊወጡ ይችላሉ። ከ2020 የውድድር ዘመን በኋላ የሜጀር ሊግ ቤዝቦል አስተዳደር ከክለቦች ጋር የተሳሰሩትን ቡድኖች ከ160 ወደ 120 ቀነሰ። ለወጣቶቹ የተሻለ ሜዳና አጭር ጉዞ ያስፈልጋል የሚለው ምክንያት መሠረት ነበረው፤ ሆኖም ዋጋውን የከፈሉት በአብዛኛው ትናንሽ ከተሞች ናቸው። ለአሥርት ዓመታት የካርዲናልስን ጀማሪዎች ያስተናገደችው የቴነሲዋ ጆንሰን ሲቲ ከተቋረጡት አንዷ ናት። ዛሬ በሜዳዋ የሚጫወቱት የኮሌጅ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ካርዲናልስ በሁሉም ደረጃ ባሸነፈበት ቀን የከተማዋ ስም በውጤት ዝርዝሩ ውስጥ የለም።