ንብርብሩ የት ጠፋ?

በየካ ሚካኤል አካባቢ በአንዲት ትንሽ ፎቶ ቤት ሥራ ስናግዝ አንዲት እናት መጡ። የያዙት የሟች ባለቤታቸውን ፎቶግራፍ ነበር፤ ያለቻቸውም ያችው አንዷ ናት፤ ጥጓ ተቀዷል። «ለሙት ዓመቱ አሳምራችሁ አውጡልኝ» አሉን። ሁለት ቀን ሙሉ ቀዳዳውን ስንደፍን ቆየን። ከግርጌው ስምና ቀን ጻፍን፤ ከዚያም በጄፔግ አስቀምጠን ወደ ማተሚያ ቤት ላክን። እማማ ናሙናውን ሲያዩ፣ «ልጆቼ፣ ቀኑ እኮ 12 ነው እንጂ 21 አይደለም!» አሉ። አታሚው ፋይሉን ቢከፍተው ጽሑፉ ከፎቶግራፉ ጋር ተጣብቋል፤ አልነቀል አለ።

ለመሆኑ ንብርብር ምንድን ነው? ባለሙያዎች ሌየር ይሉታል። አራት ጥርት ያሉ መስታወቶች ተደራርበዋል እንበል። ከታች ፎቶግራፉ፣ ከላዩ ጥገናው፣ ቀጥሎ ቀለሙ፣ ከሁሉም በላይ ጽሑፉ አለ። ከላይ ሲያዩት አንድ ሥዕል ነው፤ ሲያስፈልግ ግን አንዱን መስታወት ብቻ አውጥቶ ማረም ይቻላል። ፎቶሾፕ የተባለው ፕሮግራም ይህን ዘዴ ያገኘው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው።

ታዲያ ፎቶግራፉ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ሲሄድ ንብርብሩ ለምን ይጠፋል? በመጀመሪያ የፋይሉን ስም ጭራ፣ ማለትም ከነጥቡ በኋላ ያለውን እንመልከት።

አንደኛ፤ ጭራው ጄፔግ ወይም ፒኤንጂ ከሆነ መስታወቶቹ ሁሉ ቀልጠው አንድ ሆነዋል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። መፍትሔው መጀመሪያ የተሠራበትን ፋይል መፈለግ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ ጭራው ፒኤስዲ ሆኖ አንድ ሥዕል ብቻ ከታየ፣ የከፈትንበት ፕሮግራም ፎቶ ለማየት ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል። በነፃ በሚታደለው በጊምፕ እንክፈተው። ቲፍ የተባለውም ፋይል እንደዚሁ ነው፤ ፎቶሾፕ በውስጡ ያኖረውን ንብርብር ብዙ ፕሮግራሞች አያነቡትም።

ሦስተኛ፤ ጊምፕ የራሱን ሥራ የሚያስቀምጠው ኤክስሲኤፍ በሚባል ጭራ ነው፤ ይህን ፎቶሾፕ አይከፍተውም። ስለዚህ ከጊምፕ ወደ ፎቶሾፕ ስንልክ ኤክስፖርት በሚለው ትእዛዝ ወደ ፒኤስዲ እንለውጠው።

አራተኛ፤ ንብርብሩ ሳይጠፋ መልኩ ብቻ የሚለወጥበት ጊዜ አለ። የብርሃንና የቀለም ማስተካከያ ንብርብሮችን ሌላው ፕሮግራም ላይረዳቸው ይችላል። በተለይ የአማርኛ ጽሑፍ ችግር አለበት፤ የፊደሉ ፎንት በሌላው ኮምፒውተር ከሌለ ቅርጹ ይለወጣል። በድሮው ዓይነት፣ ከዩኒኮድ ውጭ በሆነ ፎንት የተጻፈ ከሆነማ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ስለዚህ ፎንቱን አብሮ መላክ ወይም በቅጂው ላይ ብቻ ጽሑፉን ወደ ሥዕል መለወጥ ይበጃል።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ለሰው የሚላከው ቅጂ ሌላ፣ የምናስቀምጠው ዋናው ፋይል ሌላ ይሁን። እኛን ያዳነን ዋናው ፋይል በፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር አለመሰረዙ ነው። የጽሑፉን ንብርብር ከፍተን 21ን 12 አደረግነው፤ ፎቶግራፉን አልነካነውም። ፋይሉ ተሰርዞ ቢሆን ኖሮ የሁለት ቀኑ ጥገና እንደገና ከሀ ይጀመር ነበር። እማማ ለሙት ዓመቱ ደረሱ።

መልመጃ
1. ንብርብር ከመስታወት ጋር የተመሳሰለው ለምንድን ነው?
2. ወደ ጄፔግ የተለወጠ ፋይል ንብርብሩ ለምን አይመለስም?
3. ፎቶግራፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላካችን በፊት ምን ማድረግ አለብን?