ዕቃ ቢሰበር ሰው አይሰበር

ሰው ገንዘብ አጠራቅሞ፣ ብዙ ጊዜ ተመኝቶ የገዛው አዲስ ዕቃ ገና እጁን ሳይለምድ ሲሰበርበት የሚሰማውን ስሜት ያልደረሰበት አይገምተውም። አሮጌ ዕቃ ሲሰበር «ዕድሜውን ጨርሷል» ተብሎ ይታለፋል። አዲሱ ሲሰበር ግን ከዕቃው ጋራ የገዛነው ተስፋም አብሮ የተሰበረ ይመስለናል። ዛሬ ስለ አንድ የኤሌክትሪክ ጊታር ልናወጋ የተነሣነው ከተማሪውም ሆነ ሥራ ከያዘው ወጣት መካከል ይህን የመሰለ ነገር የደረሰበት ብዙ ስለሆነ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. በጥር ወር፣ በጥምቀት ሰሞን ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ሥራ በያዝን በመጀመሪያው ዓመት ከደመወዛችን በየወሩ እየቀነስን ጊታሩን ገዛን። የሮሃ ባንዱን የሰላም ሥዩምን አጨዋወት ከታላላቆቹ ካሴት እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ምኞት ከየት እንዳመጣነው አይጠይቀንም። ጊታሩ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ፊቱ እንደ መስታወት የሚያበራ ነበር፤ ከገዛነውም ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር። በዓሉን ከዘመድ ጋራ ለማክበር ወደ ጎጃም ስንነሣ ትተነው መሄድ አልሆነልንም። ከአዲስ አበባ እስከ ፍኖተ ሰላም አራት መቶ ኪሎ ሜትር በሚጠጋው መንገድ፣ የአውቶቡሱ ረዳት «ጣራ ላይ ልጫነው» ቢለን እንቢ ብለን፣ እንደ ሕፃን ታቅፈነው ሄድን። ከፍኖተ ሰላምም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ስሟን አገር ያወቀላትን ማንኩሳን አልፈን ከመኪና ወረድንና በእግር ወደ አጎታችን ቤት ገባን።

አጎታችን ቤት መብራት አልገባም ነበር። እኛ ግን በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይዘን ነበርና ማታ ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰብ ጀመር። ባትሪው ሲደክምና የጊታሩ ድምፅ ሲጠፋ አንድ ሽማግሌ፣ «ይህን ያህል ብር ወጥቶበት ድምፁ የትንኝ ነው? የኛ ማሲንቆ ያለ ባትሪ ሰው ያስለቅሳል» ብለው አሳቁን። ከሁሉ ይልቅ ጊታሩን የወደደው ግን የአጎታችን የመጨረሻ ልጅ፣ የስምንት ዓመቱ እረኛ ነበር። ከብቶቹን አስገብቶ ሲመለስ አጠገባችን ቁጭ ብሎ ገመዱ የት ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ዓይኑን ሳይነቅል ያያል። እኛም በጠጋ ቁጥር «እንዳትነካው!» እንለው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጊታሩን ገመዱ እንደተሰካ መደቡ ላይ ግድግዳ አስደግፈን ወንዝ ወረድን። ልጁ ብቻውን ገብቶ ገመዱን ሲስብ ጊታሩ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ራሱም የወፍጮውን ድንጋይ መታ። ስንመለስ አንገቱ ከራሱ በሚጋጠምበት ቦታ ላይ አንድ ጣት የሚያህል ስንጥቅ በአግድሞሽ ሄዶበት፣ በፊቱም ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቀለም ተልጦ አገኘነው። እውነቱን ለመናገር ጮኽን። የተናገርነውን ቃል እዚህ ልንደግመው አንወድም። ልጁ በበሩ ሾልኮ ወጣ፤ እኛም በጊታሩ ላይ አጎንብሰን ቀረን።

የአጎታችን ሚስት እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ መጡና፣ «ልጄ፣ የሚያወጣውን ንገረን፤ ወይፈኑን ሸጠንም ቢሆን እንተካለን» አሉን። ይህን ስንሰማ ነው መጀመሪያ ያፈርነው። ያ ወይፈን ለሚመጣው ክረምት ሊጠመድ የታሰበ፣ የቤቱ የእርሻ ተስፋ ነበር። የኛ ጊታር ግን ቢኖርም ባይኖርም እንጀራችንን አይነካውም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ከብቶቹ ብቻቸውን መጡ፤ ልጁ የለም። ከአጎታችን ጋራ ባትሪ ይዘን ወጣን። ወደ ወንዙ ወረድን፤ ጎረቤት ጠየቅን፤ ስሙን እየጠራን በአጥር ለአጥር ሄድን። ጥር የውቂያ ጊዜ ነውና በመጨረሻ ከአውድማው አጠገብ ከጭድ ክምር ውስጥ ተሸሽጎ አገኘነው። በብርድ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀና ብሎ አየንና፣ «ጋሼ፣ ሞተ?» አለን። «አልሞተም፤ ቆስሏል እንጂ» ብለን በጋቢያችን ሸፍነን አመጣነው።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለን የአሜሪካዊው የብሉዝ ጊታር ተጫዋች የቢ.ቢ. ኪንግ ታሪክ ትዝ አለን። በ1949 እ.ኤ.አ. በአርካንሶ ግዛት ትዊስት በምትባል ከተማ በአንድ የጭፈራ ቤት ሲጫወት፣ ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ ለማሞቂያ የነደደውን ላምባ ገለበጡትና ቤቱ ተቃጠለ። ኪንግ ከወጣ በኋላ ጊታሩን እንደረሳ ትዝ ሲለው ወደ እሳቱ ተመልሶ ገብቶ አወጣው፤ ሊሞትም ጥቂት ቀረው። ሁለት ሰዎች በእሳቱ ሞቱ። ጠቡ ሉሲል በተባለች ሴት ምክንያት እንደነበር በማግስቱ ሲሰማ ጊታሩን «ሉሲል» ብሎ ሰየመው፤ ከዚያም በኋላ የያዛቸውን ጊታሮች በዚሁ ስም ጠራቸው። ስሙን ያወጣውም እንዲህ ያለውን ሞኝነት ሁለተኛ እንዳይደግም ማስታወሻ እንዲሆነው መሆኑን ራሱ ተናግሯል። ለዕቃ ብሎ ነፍስን መርሳት የኛ ብቻ ድካም አለመሆኑን አይተን ጥቂት ተጽናናን።

በማግስቱ ጠዋት በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ የነበሩት አጎታችን የብራና ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው አንድ ገጽ ገለጡልን። በገጹ መካከል በክር ተሰፍቶ የተጠገነ ቀዳዳ አለ። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተወጥሮ ሲፋቅ ስለቱ ሲያመልጥ ይቀደዳል፤ ብራና ፋቂው ግን አይጥለውም፤ ይሰፋዋል። ጸሐፊውም መስመሩን እዚያ ሲደርስ አቋርጦ ከቀዳዳው ወዲያ ይቀጥላል። ይህ በአገራችን የብራና መጻሕፍት ዘወትር የሚታይ ነገር ነው። አጎታችንም፣ «በዚህ ቀዳዳ ምክንያት ከዳዊቱ አንዲት ቃል ጎድላ አላየሁም» ብለው መጽሐፉን መለሱት። ሌላ ምክር አልጨመሩም።

እንግዲህ ወደ ጥገናው እንግባ። አንዳንድ ጊታሮች፣ ለምሳሌ የጊብሰን ዓይነቶቹ፣ ራሳቸው ወደ ኋላ 17 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። አንገቱና ራሱ ከአንድ እንጨት ሲጠረብ የእንጨቱ ጅማት በማዘንበያው ላይ ስለሚቆረጥ፣ በዚያም ቦታ አንገቱን የሚያቀናው ብረት ማስተካከያ ስለሚቦረቦርለት፣ ሲወድቅ የሚሰነጠቀው እዚያው ላይ ነው። የፌንደር ዓይነቶቹ ግን ራሳቸው ያልዘመመ፣ አንገታቸውም በብሎን የሚታሰር ስለሆነ እንዲህ ያለው አደጋ ያንስባቸዋል። የኛው ከመጀመሪያው ወገን ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው አስቀድሞ ክሮቹን ያላላ፤ ክሮቹ በተወጠሩ ቁጥር ስንጥቁን ይከፍቱታልና። የተፈነከተ ስንጥር ካለ በወረቀት ጠቅልሎ ያስቀምጥ። ስንጥቁን ለማየት ብሎ ደጋግሞ አያወዛውዘው። ቶሎ የሚደርቀውንም ሱፐር ግሉ አያፍስበት፤ ሳይገጥም ከደረቀ በኋላ የሚመጣውን ጠጋኝ ሥራ ያበላሻል። ትክክለኛው ነገር የእንጨት ኮላ ነው። እኛ ጊታሩን ወደ ቡሬ ወስደን የዋንዛ ወንበርና ጠረጴዛ ለሚሠሩ አንድ አናጢ አሳየናቸው። ጊታር ጠግነው አያውቁም፤ እንጨት ግን ያውቃሉ። ስንጥቁን በጥቂቱ ከፈት አድርገው ኮላውን በቀጭን የላስቲክ ቁራጭ እስከ ውስጥ አስገቡት፤ የተረፈውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉ፤ ከዚያም በሁለት ወገን ቆዳ አልብሰው በሞርሳ አጠበቁትና «እስከ ነገ በዚህ ሰዓት አትንካው» አሉን። ስንጥቁ ንጹሕ ሆኖ ገጥሞ ከተጣበቀ መጋጠሚያው ከእንጨቱ የማያንስ ጥንካሬ ይኖረዋል። ራሱ ፈጽሞ ከተለየ ወይም እንጨት ከጎደለ ግን የጊታር ጠጋኝ ይፈለጋል።

ሁለተኛው የሚታየው የኤሌክትሪኩ ወገን ነው። ገመድ ሲሳብ የገመዱ መሰኪያ ይላላል፤ ውስጥ ያለችው ቀጭን ሽቦም ትበጠሳለች። ድምፁ እየተቆራረጠ ቢያንኮሻኩሽ፣ የሬዲዮ ጠጋኝ በጥቂት ደቂቃ በይዶ የሚመልሰው ሥራ ነው። የኛው መሰኪያው ከመላላት በቀር ምንም አልሆነም ነበር።

የተላጠውን ቀለም እንዳለ ተውነው። ድምፁን አይነካውም። እንዲያውም የፌንደር ኩባንያ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ጊታር ሆን ብሎ እየላጠና እየቧጠጠ፣ ብዙ ዘመን ያገለገለ አስመስሎ በውድ ዋጋ እንደሚሸጥ ስናስብ፣ እኛ ያለ ዋጋ ያገኘነውን ጠባሳ በገንዘብ ልናስጠፋ አልወደድንም።

የቀረው ትልቁ ጥገና የልጁ ነበር። ነገሩን ረጋ ብለን ስንመረምረው ጥፋቱ የኛው ሆኖ አገኘነው። ጊታሩን በማኅደሩ አልከተትነውም፤ ገመዱን አልነቀልነውም፤ ግድግዳ አስደግፈን ሄድን። ለልጁም «አትንካ» አልነው እንጂ እንዴት እንደሚነካ አላሳየነውም። ከቡሬ እንደተመለስን አስቀምጠን አንገቱን እንዴት እንደሚይዝ፣ ገመዱን እንዴት እንደሚሰካና እንደሚነቅል አሳየነው። እጁ እየፈራ ነካው፤ በሁለተኛው ቀን ግን ፍርሃቱ ለቀቀው። ከሄድን በኋላ ከጣውላና ከሽቦ የራሱን እንደሠራ ሰምተናል።

ወዳጆቻችን ሆይ፣ በመጀመሪያ ደመወዛችን የምንገዛው ዕቃ፣ ጊታርም ይሁን ስልክ ወይም ሞተር ብስክሌት፣ አንድ ቀን መሬት መውደቁ አይቀርም። በዚያ ቀን የጣለውን ሰው አስቀድመን እንይ፤ ከዚያ ክሩን እናላላ፤ ስለ መልኩ በመጨረሻ እንጨነቅ። ኮላው በአንድ ቀን ይደርቃል። በቁጣ የተናገርነው ቃል ግን በስምንት ዓመት ልጅ ልብ ውስጥ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ገምቶ የሚነግረን አናጢ በቡሬም በአዲስ አበባም አይገኝም።