ንቅለ ተከላ፦ ከዓይን ብሌን እስከ አንጎል

ንቅለ ተከላ፣ ስሙ ራሱ እንደሚናገረው፣ ነቅሎ መትከል ሲሆን፣ በሕክምና አንድን የአካል ክፍል ከአንዱ ሰው ወስዶ ለሌላው መተካት ማለት ነው። በመራዊ ዙሪያ በቆጋ መስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ችግኙን ከመደብ አንሥቶ ወደ ማሳ ሲያዛውር፣ መንቀሉ ቀላል እንደሆነና ጭንቁ ያለው ሥሩ አዲሱን አፈር እስኪይዝ ድረስ እንደሆነ ያውቃል፤ ለሐኪሙም ነገሩ ያው ነው። የሰው አካል ሥሮች ግን ደም ሥርና ነርቭ ናቸው፤ አፈሩም ባዕድ የሆነውን ለይቶ ይዋጋል።

እንግዲህ ለመትከል የሚመቸው ደም ሥር የሌለው ነው። በተለምዶ ብሌን የሚባለው በዓይን መካከል ያለው ጥቁር ክብ ቢሆንም፣ «የብሌን ልገሳ» ሲባል የሚታሰበው ከፊቱ እንደ መስታወት የከደነው፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ደም ሥር ስለሌለውና ኦክስጅንን በእንባ በኩል ከአየር ስለሚያገኝ፣ የሰውነት መከላከያ በቀላሉ አይደርስበትም፤ ኤድዋርድ ዚርም የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1905 የብሌን ተከላ ሊሳካለት የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። በኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. የተቋቋመው የዓይን ባንክ፣ በሕይወት ሳሉ ቃል ከገቡ ሰዎች፣ ካረፉ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብሌናቸውን ይቀበላል፤ ቀዶ ሐኪሙም ከዚያ ላይ ስምንት ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ቆርጦ፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር ይሰፋዋል።

በጣና ዙሪያ ግን ይህ ቀላል የሚባለውም ተከላ አንድ እንቅፋት አለበት። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ክፉኛ ካጠቃቸው ስፍራዎች አንዱ ሲሆን፣ በሽታው እየተመላለሰ የዓይን ቆብን ከውስጥ በጠባሳ ስለሚያኮማትረው፣ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ይፍቃል። የገጠር እናቶች ከአንገታቸው ክር ወረንጦ የማይለዩት አንድም ለዚህ ነው፤ የተነቀለው ፀጉር ግን ተመልሶ ይበቅላል፣ አጭርና ሸካራ ሆኖም የባሰ ይወጋል። ብሌኑ በጠባሳ ነጭ ከሆነ በኋላ አዲስ ቢተከል፣ ሽፋሽፍቱ እስካልተስተካከለ ድረስ ያንኑ ዕጣ ያገኘዋል፤ ወደ ጠባሳው ያደገው ደም ሥርም የሰውነትን መከላከያ እየመራ ያመጣበታል። በዚህ አካባቢ ከብሌን ተከላ በፊት የቆብ ቀዶ ሕክምና፣ ከእርሱም በፊት ፊት የሚታጠቡበት ውኃ ይቀድማል።

ኩላሊት ሥር አለው፤ የደም ቅዳውና መልሱ እንዲሁም የሽንት ቱቦው ይቀጠላሉ። እ.ኤ.አ. በ1954 ጆሴፍ መሪ ለተባለ ሐኪም በቦስተን የኩላሊት ተከላ የተሳካለት ሰጪና ተቀባይ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ ነው፤ ለሌላው ሰው መንገዱ በሰፊው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሳይክሎስፖሪን የተባለው መከላከያ አርጋቢ መድኃኒት ሲመጣ ሲሆን፣ ተቀባዩም እንዲህ ያለውን መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. መስከረም፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ተካሄደ። የደከሙት ኩላሊቶች አብዛኛውን ጊዜ በቦታቸው ይቀሩና አዲሱ ከሆድ በታች በኩል ስለሚቀመጥ፣ ከተቀባዩ የሚነቀል የለም፤ ለእርሱ ተከላ ብቻ ነው።

አንጎል ላይ ሲደረስ ሥሩ ነርቭ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1970 ሮበርት ዋይት የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም የአንዱን ጦጣ ራስ በሌላው አካል ላይ ቀጠለ፤ ደም ሥሮቹ ስለተገናኙ ራሱ ነቅቶ በዓይኑ ሰው ይከተል፣ ለመንከስም ይሞክር ነበር። የተቆረጠ ህብለ ሰረሰር ግን ተመልሶ ስለማይያያዝ ከአንገት በታች አልታዘዘለትም፣ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ነርቭን መቀጠል ቢቻል እንኳ «ለጋሽ» የሚለው ቃል ይፋለሳል፤ ነቅቶ ስሙን የሚናገረው የአንጎሉ ባለቤት ስለሚሆን፣ ለጋሽ መባል ያለበት ገላውን የሰጠው ነው። እስካሁን በሰው ላይ የተሞከረው በሕዋስ ደረጃ ነው፦ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በስዊድን ሉንድ ከፅንስ የተወሰዱ የነርቭ ሕዋሳት በፓርኪንሰን ሕሙማን አንጎል ውስጥ ተተክለው በአንዳንዶቹ ለዓመታት ሠርተዋል፤ በኋላ በአሜሪካ በተደረጉ ሙከራዎች ግን ከታካሚዎቹ ከፊሉን ለማይቆጣጠሩት መወራጨት ዳርገዋል።